አይጥ ከተወለደች ጀምሮ እህል እስክትበላ

ስለ አይጥ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሌሊት በጣራ ላይ ስትሮጥ የምትሰሟት፣ ጆንያ ቀዳ የምታገኟት፣ ከክምር ሥር ስትወጣ በዱላ የምታባርሯት እናንተ ናችሁ። ነገር ግን አይጥን ብዙ ጊዜ የምናያት ካደገች በኋላ ነው፤ ያውም ስትሮጥ። ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ቁጭ ብሎ ያያት ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ትምህርት የምንነግራችሁ በአንድ ቀን የተወለዱ የአይጥ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን እስከ 5ኛው ሳምንት ድረስ እንዴት እንዳደጉ ነው። እኛ ተማሪዎች በየቀኑ እያየንና እየመዘንን በደብተር ጽፈነዋል።

ያየናቸው አይጦች ነጭ ናቸው። ዓይናቸው ቀይ ነው። ነጭ አይጥ ሰው በሣጥን እያረባ ያለመዳት እንስሳ ናት። እጅ ላይ ትወጣለች፣ ትከሻ ላይ ትቀመጣለች፣ ካላስፈራሯት በቀር አትነክስም። «ደግሞ አይጥን ማን ይቀልባል?» ሳትሉ አትቀሩም። እውነት ነው፣ ለገበሬ ጆሮ የሚያስቅ ነገር ነው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን። ለጊዜው ግን ይህን ያዙ፦ የሣጥኗ አይጥና የጎተራዋ አይጥ በቀለም፣ በመጠንና በጠባይ ይለያያሉ እንጂ ልጆቻቸው የሚያድጉበት ቀን ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ያየነው ነገር በጎተራችሁ ሥር በጨለማ የሚሆነው ነው።

አይጥ የምታረግዘው ከ21 እስከ 23 ቀን ብቻ ነው። ላም 9 ወር፣ ፍየል 5 ወር፣ ድመት 2 ወር ሲፈጅባቸው አይጥ ግን አንድ ወር እንኳ አይሞላትም። መውለጃዋ ሲቃረብ የእኛዋ አይጥ የሰጠናትን ወረቀትና ገለባ በጥርሷ እየተረተረች በሣጥኑ ማዕዘን ሰበሰበች። መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ የወፍ ጎጆ የመሰለ መኝታ ሠራች። በገበሬ ቤት ይህን የምትሠራው ከጆንያ ክር፣ ከጭድና ካረጀ ጨርቅ ነው። እንግዲህ ጆንያ ተቀዶ፣ ክሩም ተስቦ ተወስዶ ስታገኙ እህል ፍለጋ ብቻ አይምሰላችሁ። የአራስ ቤት ሥራም ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ጠዋት 9 ልጆች ተወልደው አገኘን።

የዚያን ዕለት የተወለደች አይጥ አይጥ አትመስልም። ጸጉር የላትም። ቆዳዋ ቀይና ስስ ነው። ርዝመቷ ከሰው ትንሽ ጣት አይበልጥም። ዓይኗ በቆዳ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ አታይም። ጆሮዋ ከራሷ ጋር ተጣብቋል፣ ስለዚህ አትሰማም። የእግሯ ጣቶች እንኳ ገና አልተላቀቁም። ከሁሉ በላይ የምትመራው በሽታ ነው፤ የእናቷን ጡት የምታገኘው እያሸተተች ነው። ዘጠኙን አንድ ላይ ብንመዝናቸው 54 ግራም ሆኑ። ለእያንዳንዷ 6 ግራም ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ኪሎ 1000 ግራም ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ ለመሙላት እንደነዚህ ያሉ 166 ያህል ልጆች ያስፈልጋሉ።

ቆዳቸው ስስ ስለሆነ አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። የጠቡት ወተት በሆዳቸው ላይ ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታያል። የትኛዋ እንደጠገበች፣ የትኛዋ እንዳልጠባች ሳይነኩ ማወቅ ይቻላል። ከዘጠኙ አንዷ ትንሽ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ሆዷ ላይ ነጩ ነገር አልታየም። እናቲቱ 12 ጡት ስላላት ጡት አላነሳትም፤ አቅም ነው ያነሳት። በ3ኛው ቀን ጠዋት ስንቆጥር 8 ብቻ ሆኑ። የሞተችውን እናቲቱ በልታታለች። ይህን ስንናገር ፊታችሁን ታጨማድዱ ይሆናል። ነገር ግን የሞተ ልጅ በጎጆ ውስጥ ከቀረ ይሸታል፣ ሽታውም ጠላት ይጠራል። ለአራሷም ያ ሥጋ ምግብ ነው። አይጥ በሰው ሕግ አትኖርም።

የመጀመሪያው ሳምንት የእናቲቱ ሥራ ሌሊትና ቀን የለውም። ታጠባለች። ሆዳቸውን በምላሷ ትልሳለች፤ እርሷ ካልላሰቻቸው ልጆቹ ሽንታቸውን መሽናት አይችሉም። ሰውነታቸው ሙቀት ማቆየት ስለማይችል እርስ በርሳቸው ይነባበራሉ። ከላይ ያሉት ሲበርዳቸው ወደ መሐል ይገባሉ፣ መሐል የነበሩትም ሲሞቃቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ክምሩ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ በእሳት ላይ እንዳለ ንፍሮ ማለት ነው። አንዷ ከጎጆ ውጭ ከወደቀች ትጮኻለች። እኛ ግን አንሰማትም። ድምፅዋ የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው በላይ ቀጭን ነው። እናቲቱ ግን ትሰማና ትመጣለች፣ በአፏ ያዝ አድርጋ ወደ ጎጆው ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ጎጆውን አጥብቀን ስለነካካንባት ስምንቱንም እያንጠለጠለች ወደ ሌላው ማዕዘን አዛወረቻቸው። በጎተራም እንዲሁ ነው። ዛሬ አይታችሁ «ነገ አጠፋዋለሁ» ብላችሁ የተዋችሁት ጎጆ በማግስቱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ አትደነቁ።

ከዚያ በኋላ ለውጡ የዕለት በዕለት ነው። በ3ኛውና በ4ኛው ቀን የጆሯቸው ቅጠል ከራሳቸው ተላቀቀ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ቆዳቸው ወፈረ፣ ወዲያው እንደ ኮክ ፍሬ ያለ ለስላሳ ጸጉር ሸፈነው። ከ8ኛው ቀን በኋላ ሴቷን ከወንዱ በቀላሉ ለየናቸው። የሴቶቹ ሆድ ላይ የጡት ምልክቶች በሁለት መስመር ታዩ። ወንድ አይጥ ጡት የለውም፤ እንደ በሬና እንደ ሰው ምልክቱ እንኳ የለውም። ከስምንቱ 5 ሴቶች፣ 3 ወንዶች ሆኑ። በ9ኛውና በ10ኛው ቀን የፊት ጥርስ በቀለ። ይህ ጥርስ እስከ ሞት ድረስ ማደጉን አያቆምም። አይጥ እንጨትና ሞፈር፣ ጠፍርና ጆንያ የምትቆረጥመው ለመብላት ብቻ አይደለም፤ ካልቆረጠመች ጥርሷ ያለ ልክ ረዝሞ አፏን ይዘጋባታል።

በ12ኛው ቀን አካባቢ ጆሯቸው ተከፈተ። ይህን ያወቅነው በጭብጨባ ነው። ከዚያ በፊት ብናጨበጭብ ምንም አይሉም ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ሁሉም በአንድነት ድንግጥ አሉ። በ14ኛው ቀን የሁለቱ ዓይን ተከፈተ። በማግስቱ የሁሉም ተከፈተ። ዓይናቸው ከመከፈቱ በፊት ሆዳቸውን እየጎተቱ ጎጆውን ይዞሩ የነበሩት ልጆች ብርሃን ሲያዩ ወዲያው ሌላ ፍጥረት ሆኑ። ይቆማሉ፣ ያሸታሉ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያጥባሉ። ሰው ሲጠጋ ይሸሻሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ሰው በእፍኙ ሊሰበስባቸው ይችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መያዝ ሥራ ነው።

በ16ኛው ቀን አንዷ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ የበቆሎ ስባሪ በሁለት እጇ ይዛ ስትልስ አየናት። በ17ኛው ቀን ሁሉም ይነክሱ ጀመር። ጡት ገና አልተዉም፤ ነገር ግን እህል ቀመሱ። ይህችን ቀን በደብተራችን ላይ በቀይ አሰመርንባት። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ጨዋታ መጣ። ይጋፋሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ አንዱ አንዱን በጀርባው ያስተኛል፣ ከዚያ ተነስተው ያሯሩጣሉ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ ሥራ ያለው ተማሪ እንኳ ከሣጥኑ አጠገብ አይጠፋም ነበር። በ21ኛው ቀን ጡት ተዉ።

ክብደታቸውን በየሳምንቱ መዝነናል። ሲወለዱ በአማካይ 6 ግራም፣ በ7ኛው ቀን 14፣ በ14ኛው ቀን 28፣ በ21ኛው ቀን 46 ግራም ሆኑ። የሰው ልጅ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ለማድረግ 5 ወር ገደማ ይፈጅበታል። አይጥ ግን አንድ ሳምንት አይሞላትም።

አይጥን ማን ይቀልባል ላላችሁት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቶሎ ስለምታድግ፣ ምግብ ሲጎድልባት ጉዳቱ ቶሎ ይታያል። ፍሬደሪክ ሆፕኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመው ሥራ አለ። ጡት የተዉ የአይጥ ልጆችን ለሁለት ከፈለ። ለሁሉም የተጣራ ዱቄት፣ ስኳር፣ ስብና ጨው፣ ከወተትም የወጣ ንጹሕ የሰውነት ገንቢ ምግብ ሰጣቸው። ለአንደኛው ክፍል ግን በተጨማሪ በየቀኑ ጥቂት ወተት ሰጠ፤ ለአንዷ አይጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር፣ ይህም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ወተት ያገኙት አደጉ። ያላገኙት ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ማደግ አቆሙ። በ18ኛው ቀን ወተቱን ከእነዚያ ወስዶ ለእነዚህ ሰጠ። ነገሩም ተገለበጠ፤ የቆሙት ማደግ ጀመሩ፣ ያድጉ የነበሩት ቆሙ። ዛሬ ቪታሚን የምንለው ነገር እንዳለ ካስረዱት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1929 ከሌላ ሊቅ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጡት የተወ ሕፃን ገንፎ ብቻ እየበላ ሆዱ ሞልቶ ሳለ የማያድግበትን ነገር ያየች እናት ይህን ታሪክ ቶሎ ትረዳዋለች። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ለዚህ ነው።

ወደ ሣጥናችን እንመለስ። 5 ሳምንት ሲሞላቸው ወንዶቹን ከሴቶቹ ለየን። ያን ጊዜ ካልተለዩ እኅትና ወንድም ሳይሉ ይራባሉ። ነጭ አይጥ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል ማርገዝ ትችላለች። የጎተራ አይጥ ትንሽ ትዘገያለች፤ 2 ወር ወይም 3 ወር ትቆያለች። ሌላም ነገር አለ። አይጥ በወለደች በአንድ ቀን ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። እያጠባች ሌላ ልጅ በሆዷ ትይዛለች። እኛ አባትየውን አስቀድመን ከሣጥኑ ስላወጣነው ይህ አልሆነም። ከጎተራ ግን ወንዱን የሚያወጣ የለም።

እስቲ አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አይጥ አዝመራ ሲገባ ጎተራ ገቡ እንበል። ሴቷ በወር አንድ ጊዜ 8 ትወልዳለች፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጆቿን የምትወልደው በ4 ወሯ ነው እንበል። የሚሞትም የለም እንበል። ኅዳር 1 ቀን ስትወልድ ወላጆቹን ጨምሮ 10 ይሆናሉ። ታኅሣሥ 18፣ ጥር 26፣ የካቲት 34። እስከዚህ ድረስ የምትወልደው አንዷ እናት ብቻ ናት። መጋቢት ላይ የኅዳር 4 ሴቶች ይወልዳሉ፤ 5 እናቶች በ8 ሲባዙ 40፣ ከ34 ጋር 74። ሚያዝያ የታኅሣሥ ልጆች ይጨመራሉ፤ 9 እናቶች በ8 ሲባዙ 72፣ በድምሩ 146። ግንቦት 13 እናቶች 104 ይወልዳሉ፤ ድምሩ 250 ይሆናል። ግንቦት ማለት ገበሬ ዘር የሚያወጣበት፣ ጎተራው የሚጎድልበት ወር ነው።

በእርግጥ ይህን ያህል አይኖሩም። ድመት ትበላለች፣ ጉጉት ይበላል፣ በሽታም ይገድላል። ነገር ግን 8 ያልነው አሳንሰን ነው። በአገራችን ማሳ ላይ የምትገኝ አንዲት አይጥ አለች፤ ሊቃውንት ባለብዙ ጡት ይሏታል። ከ16 እስከ 24 ጡት አላት። በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ልትወልድ ትችላለች።

አንዲት ያደገች አይጥ በቀን 20 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ለአንዷ ምንም አይደለም፤ ጭብጥ አይሞላም። 100 አይጦች ግን በቀን 2 ኪሎ ይበላሉ። በ50 ቀን 100 ኪሎ ማለት አንድ ኩንታል ነው። በሽንታቸውና በኩሳቸው የሚያበላሹት ከዚህ ውጭ ነው። ከዚያ እህሉ ሲጎድል ጥርጣሬ ይመጣል። ሚስት ደብቃ ሸጠች ይባላል፣ ልጅ ለገበያ አወጣ ይባላል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን በቀይ ወዳሰመርናት ቀን እንመለስ። የአይጥ ልጅ ዓይኗን የምትገልጠው በ14 ወይም በ15 ቀኗ ነው። እህል የምትቀምሰው በ16 ወይም በ17 ቀኗ ነው። እስከዚያ ድረስ ከጎጆዋ አትወጣም፣ አትሸሽም። ስለዚህ በየ14 ቀኑ የጎተራውን ሥር፣ የጎታውን ጀርባ፣ የጆንያውን ሥርና የጣራውን ክዳን የሚፈትሽ ቤተሰብ ልጆቹን እህል ሳይቀምሱ ያገኛቸዋል። 14 ቀን ለመቁጠር መቸገር አያስፈልግም፤ ሁለት ገበያ ማለት ነው። ሁለት ገበያ በደረሰ ቁጥር አንድ ፍተሻ። በወር የሚቆጥርም ካለ ሚካኤል 12 እና መድኃኔዓለም 27 በመካከላቸው 15 ቀን አላቸው። ከዚያ በላይ ማዘግየት ግን አይበጅም። ጎረቤትም ባንድ ቀን ቢፈትሽ ይሻላል፤ የእናንተን ቤት ለቅቃ ወደ ጎረቤት የገባች አይጥ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም።

ጎጆ ስታገኙ በባዶ እጅ አትንኩ። አይጥ ላይ ቁንጫ አለ፣ ቁንጫውም በሽታ ያስተላልፋል፤ የአይጥ ሽንትም እንዲሁ። በአካፋ ወይም በዱላ አውጡ። ልጆቹን ቶሎ ገድላችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ፣ ጎጆውን አቃጥሉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለሕፃናት መጫወቻ አትስጡ። ደግሞ በልጆቹ ብቻ አትርኩ። እናቲቱ ሌላ እርግዝና ይዛ ሊሆን ይችላል፤ ልጆቿን ፍለጋ ወደ ቦታው ትመለሳለችና ወጥመዱን እዚያው አጥምዱ። መርዝ የሚጠቀም ሰው ከሕፃንና ከምግብ ዕቃ ያርቀው። መርዝ የበላችን አይጥ ድመት ከበላች ድመቷም ልትሞት ትችላለች፣ ከዚያ ዘበኛችሁን አጣችሁ ማለት ነው።

ጎተራው ራሱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል፣ በእግሮቹም ላይ እንደ ቀሚስ የቆርቆሮ ሽፋን ቢታሰር አይጥ መውጣት ያቅታታል። ነገር ግን ሞፈርም ሆነ መሰላል ተደግፎበት ከዋለ ቆርቆሮው ከንቱ ነው፤ በዚያ ላይ ትወጣለች። ዙሪያውን ሣር መንቀልም አትርሱ። አይጥ ገላጣ ቦታ ላይ መሄድ አትወድም።

በሣጥን የነበሩትን ስምንቱን እኛ አልገደልናቸውም። በእጃችን አብልተናል፣ ሲጫወቱ ስቀናል፣ የሞተችዋም አሳዝናናለች። ጎተራ ውስጥ የምትወለደዋም እንደነርሱ ቀይ ናት፣ እንደነርሱ ዓይኗ አልተገለጠም፣ እናቷም እንደዚያችው ትልሳታለች። ልዩነቱ የምትበላው የማን እህል እንደሆነ ነው። ለእኛዎቹ የምንሰጠው በቆሎ ለእነርሱ ተመድቦ የመጣ ነበር። የእናንተ ጎተራ የተሞላው ግን በበሬና በክንድ ነው።

ለልምምድ የሚከተለውን በደብተራችሁ ላይ ሥሩ። አንድ ገበሬ የካቲት 20 ቀን ጆንያ ሲያነሳ ከሥሩ 7 የአይጥ ልጆች አገኘ። ጸጉር አብቅለዋል፣ የፊት ጥርሳቸው ወጥቷል፣ ዓይናቸው ግን አልተገለጠም። ስንት ቀናቸው ነው? የካቲት ስንት ቀን ገደማ ተወለዱ? ከዚያ ላይ የእርግዝናውን 22 ቀን ቀንሱና እናቲቱ መቼ እንዳረገዘች ጻፉ። በዚያን ቀን ጆንያው የት ነበር? እናቲቱስ አሁን የት ያለች ይመስላችኋል?